ምግብ እየበላን ለምን ጉልበት እናጣለን?

(በብስራተ ገብርኤል በተደረገው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ፣ በትምህርት ሰዓት፣ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዚህ የትምህርት ሰዓት የምታውቁን ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ደረሰኝ አያያዝ ስንናገር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰውነታችን ልንነጋገር ቆመናል። «ሂሳብ ሠራተኞች ስለ ሰውነት ምን ያውቃሉ?» ብትሉ አትሳሳቱም። ሐኪሞች አይደለንም። ያነበብነውን ጽፈን ነርስ ለሆነችው አባላችን አሳይተናታል፤ የተሳሳትንበትንም አርማልናለች። ወደዚህ ርዕስ ያመጣን ግን የጤና መጽሐፍ ሳይሆን የራሳችን መዝገብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የቅጣት መዝገባችንን ስናመሳክር የአንዲት እናታችን ስም ሦስት ወር በተከታታይ ተጽፎ አገኘን። ሁለቱ በማርፈድ፣ አንዱ የመጋገር ተራቸውን ባለመሸፈን፣ በድምሩ 150 ብር ተቀጥተዋል። እኚህ እናታችን መጋገሪያችን ሲከፈት ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ ጋጋሪዎች አንዷ ናቸው። በቃለ ጉባኤያችንም ላይ «የሥራ ፍላጎታቸው ቀንሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። የጻፍነው እኛው ነን። ከዚያ አንድ ማለዳ ምጣዱ አጠገብ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እግዚአብሔር ጠብቋቸው ወደ እሳቱ ሳይሆን ወደ ሊጡ ባልዲ በኩል ነው የወደቁት። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ሲመረመሩ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በላይ እጅግ ብዙ ነበር። ታሪካቸውን እንድንናገር ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም። «ስኳር ጉልበት ይሰጣል» እየተባልን ነው ያደግነው። የደከመ ሰው ሲመጣ ስኳሩን በዛ አድርገን ሻይ እናቀርባለን። ታዲያ ደሙ በስኳር የተሞላ ሰው እንዴት ጉልበት ያጣል? መልሱን ለማግኘት ምግብ ከአፍ ተነሥቶ ጉልበት እስኪሆን የሚሄድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል ነበረብን። ሂሳብ ስንመረምርም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ገንዘቡ ገብቶ ሥራ ላይ ካልዋለ የት ቦታ እንደቆመ ፈልገን እናገኛለን።

ትልቅ ብርና ዝርዝር

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ሴሎች የተሠራ ነው፤ ቁጥራቸው በትሪሊዮን ነው የሚቆጠረው። የጡንቻ ሴል ይሳባል፣ የነርቭ ሴል መልእክት ያስተላልፋል፣ የኩላሊት ሴል ያጣራል። እያንዳንዱ ሥራ ክፍያ ይጠይቃል። ተኝተን እንኳ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አእምሮ ይሠራል። አእምሯችን ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዕረፍት ላይ ሳለን ሰውነታችን ከሚያወጣው ኃይል 20 በመቶ የሚሆነውን ለብቻው ይወስዳል።

ታዲያ ክፍያው በምንድን ነው? ከዚህ ወደ ሳር ቤት ታክሲ ስንገባ 200 ብር ብናወጣ ረዳቱ «ዝርዝር የለሽም?» ይለናል። ብሩ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም፤ ዋጋም አለው። ግን ለዚያች አጭር መንገድ አይመችም፤ መጀመሪያ መዘርዘር አለበት። የበላነው እንጀራም ለሴል እንደዚያ ትልቅ ብር ነው። ሴል የሚቀበለው ዝርዝር ደግሞ ኤ.ቲ.ፒ. ይባላል። ጡንቻ ሲሳብ፣ ነርቭ መልእክት ሲያደርስ፣ ሴል ያረጀ ክፍሉን ሲጠግን የሚከፍለው በዚህ ነው።

ኤ.ቲ.ፒ. በአንድ ጊዜ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ተሰብስቦ ቢመዘን ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ሥራው ግን እጅግ ብዙ ነው። የማኅበራችንን ተዘዋዋሪ ፈንድ አስቡት። ፈንዱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንዷ ስትመልስ ሌላዋ ስለምትወስድ በዓመት ውስጥ የዋናውን ብዙ እጥፍ ያህል ብድር እንሰጣለን። ኤ.ቲ.ፒ.ም አንድ ክፍሉን ከፍሎ ሲያበቃ ኤ.ዲ.ፒ. ይሆናል፤ ባዶ አይጣልም፤ ተመልሶ ይሞላል። በአንድ ቀን የሚዞረው ኤ.ቲ.ፒ. ቢደመር የራሳችንን ክብደት ያህላል። ፈንዱ እንዳይዞር የሚያደርግ ነገር ከመጣ ግን ሥራው የሚቆመው ወዲያውኑ ነው። ሴል ነገ የሚያወጣው የኤ.ቲ.ፒ. ክምችት የለውም።

ከገበታ እስከ ሴል በር

የመጀመሪያውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በእንጀራ፣ በዳቦና በድንች ውስጥ ያለው ስታርች በአፍና በአንጀት ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባል ቀላል ስኳር ይሆናል። የሽሮውና የምስሩ ፕሮቲን ይሰባበራል፤ የዘይቱና የቅቤው ስብም እንዲሁ። ከአንጀት ወደ ደም ይገባሉ፤ ደም ደግሞ ወደ እያንዳንዱ ሴል ደጃፍ ያደርሳቸዋል። «ደጃፍ» ያልነው ሆን ብለን ነው። ደጃፍ መድረስና ቤት መግባት ይለያያሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ሊጣችን የሚያስተምረን

ግሉኮስ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ የሚዘረዘረው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያውን ዙር በመጋገሪያችን በየቀኑ እናየዋለን።

ጤፉን አቡክተን ዕርሾ ስንጨምርበት ሕይወት ያላቸው እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን ነው የጨመርንበት፤ የእርሾ ሴሎችና ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱም እንደ እኛ ሴሎች ኤ.ቲ.ፒ. ያስፈልጋቸዋል። በሊጡ ውስጥ ኦክስጅን እምብዛም ስለሌለ ስኳሩን ያለ አየር ይቆርጡታል። አንዱን ግሉኮስ ለሁለት ከፍለው የሚያገኙት ትርፍ ከሁለት ኤ.ቲ.ፒ. አይበልጥም። የተረፈውን ቁራጭ ይተዉታል። ባክቴሪያዎቹ የሚተዉት ላክቲክ አሲድ ነው፤ እንጀራችንን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። እርሾው የሚተወው ደግሞ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ነው። አብሲት ጨምረንበት ሊጡ ኩፍ የሚለው፣ ምጣድ ላይ ሲፈስስም እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በዚህ አየር ነው። ጠላም ጠጅም የሚፈላው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሠፈራችን አጠገብ መካኒሳ ያለው የአልኮል ፋብሪካም ሥራውን የሚያሠራው ይህንኑ የእርሾ ሴል ነው።

አሁን እንደ ሂሳብ ሠራተኛ እንጠይቅ። አንድ ግሉኮስ ወጪ ሆኖ ሁለት ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ከተገኘ ቀሪው የት ሄደ? ቀሪው አልጠፋም፤ በአልኮሉ ውስጥ አለ። ጥሩ አረቄ ክብሪት ሲለኮስበት በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው ለዚህ ነው። እርሾው ያልተጠቀመበት ኃይል ነው የሚነደው።

የእኛም ሴሎች ይህንን የመጀመሪያ ዙር ይሠሩታል። ውኃ በጠፋበት ቀን ጀሪካን ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ በፍጥነት ስንወጣ የእግራችን ጡንቻዎች የሚፈልጉት ኃይል ኦክስጅን ከሚደርስላቸው ፍጥነት ይበልጣል። ያኔ እንደ ሊጡ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ያለ አየር እየቆረጡ ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። ፈጣን ነው፤ ግን ብክነት አለው፤ ለረጅም ጊዜም አያዛልቅም። ስለዚህ ፎቁ መሐል ላይ ቆም ብለን በኃይል እንተነፍሳለን።

እናታችን የሰጠችን የኃይል ማመንጫ

ሁለተኛው ዙር የሚካሄደው በሴል ውስጥ ባሉ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው። እዚህ ጋ ኦክስጅን ይገባል። የመጀመሪያው ዙር የተወው ቁራጭ እስከ መጨረሻው ይፈርሳል። ሁለቱ ዙሮች ሲደመሩ ከአንድ ግሉኮስ 30 ያህል ኤ.ቲ.ፒ. ይገኛል። ሁለት የነበረው ሠላሳ ሆነ ማለት ነው። የማኅበራችን ትርፍ በዚህ ልክ ቢያድግ ይህን አዳራሽ ለመከራየት አንቸገርም ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሳይንቲስቶችን ለብዙ ዓመታት አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 ፒተር ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ ያቀረበው ሐሳብ መጀመሪያ ብዙ ተቃዋሚ ነበረው፤ በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኝቶ በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሐሳቡን በግድብ ልናስረዳው እንችላለን። ግድብ ውኃን በአንድ በኩል ያከማቻል፤ ውኃው ዝቅ ወዳለው በኩል ሲወርድ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም መብራት ያመነጫል። ማይቶኮንድሪያም በምግቡ ኃይል ፕሮቶን የተባሉ ጥቃቅን ነገሮችን ከአንድ ስስ ግድግዳ ማዶ ያከማቻሉ። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ በግድግዳው ላይ ያለችን መዘውር ያዞራሉ። ይህች መዘውር በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ልትዞር ትችላለች፤ አንድ ጊዜ በዞረች ቁጥርም ሦስት ኤ.ቲ.ፒ. ትሞላለች። እየሰማችሁን ባላችሁበት በዚህች ቅጽበት በእያንዳንዳችሁ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መዘውሮች እየዞሩ ነው።

የኦክስጅን ሥራ ከምግቡ የወጡትን ኤሌክትሮኖች በመጨረሻ ተቀብሎ ማስወገድ ነው። እሱ ከሌለ መስመሩ በሙሉ ይዘጋል፤ መዘውሩም ይቆማል። የምንተነፍሰው ለዚህ ነው። የበላነው እንጀራም መጨረሻው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። የከሳ ሰው ስቡ የሄደው በአብዛኛው በትንፋሹ ነው ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው።

ሁለቱን ዙሮች ለማነጻጸር አትሌታችንን ትዕግስት አሰፋን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነው። ሁለት ደቂቃ አካባቢ በሚፈጀው በዚህ ሩጫ ያለ አየር የሚሠራው የመጀመሪያው ዙር ጉልህ ድርሻ አለው። በ2023 በርሊን ላይ ግን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በማራቶን ከሞላ ጎደል ሁሉም ኃይል የሚመጣው ከማይቶኮንድሪያ ነው። እኛ የምንኖርባት አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። በዚህ አየር ተወልደን፣ ሠርተን፣ ልጅ ተሸክመን ዳገት እየወጣን መኖራችን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ማይቶኮንድሪያችንን የወረስነው ከእናታችን ብቻ ነው። እናታችንም ከእናቷ፣ እሷም ከእናቷ። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወስዳል እንጂ ለልጁ አያስተላልፍም። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ከእናቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ቁጠባውና ጾሙ

ሴል የሚፈልገውን ያህል ከተጠቀመ በኋላ የተረፈው ይቆጠባል። ሁለት ዓይነት ቁጠባ አለ።

የመጀመሪያው ግላይኮጅን ይባላል፤ የተከማቸ ስኳር ነው። ጉበት 100 ግራም ያህል፣ ጡንቻዎች ደግሞ በድምሩ 400 ግራም ያህል ይይዛሉ። በሁለቱ መካከል ግን እኛ ሂሳብ ሠራተኞች በደንብ የምናውቀው ልዩነት አለ። ደጋፊዎቻችን ለአንድ ሥራ ብቻ የሚሰጡት ገንዘብ ለሌላ ሥራ እንደማይውል ሁሉ፣ የጡንቻ ግላይኮጅንም ለዚያው ጡንቻ ብቻ የተመደበ በጀት ነው፤ ወደ ደም ተመልሶ ሌላውን አይረዳም። የጉበቱ ግን የጠቅላላ አገልግሎት በጀት ነው። ደማችን ውስጥ ስኳር ሲቀንስ ጉበት ከመጋዘኑ እያወጣ ለመላው ሰውነት፣ በተለይም ለአእምሮ ያካፍላል።

ሁለተኛው ቁጠባ ስብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚይዘው 4 ነው። ስለዚህ ስብ የረጅም ጊዜ ተቀማጭ ነው። አሥር ኪሎ ስብ ያላት ሴት ቢያንስ የአንድ ወር የኃይል ወጪዋን ተሸክማለች ማለት ነው። ግን አእምሮ ስብን በቀጥታ መጠቀም አይችልም። ጾሙ ሲረዝም ጉበት ከስቡ ኪቶን የሚባል ነገር ሠርቶ ይልክለታል፤ ከፕሮቲንም አዲስ ግሉኮስ ይሠራል።

ብዙዎቻችን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ከዚያም በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንጾማለን፤ ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ይጾማሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እራት በልታ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሴት 19 ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች። በዚያ ጊዜ የጉበቷ መጋዘን ወደ መሟጠጡ ይቃረባል፤ ሰውነቷ ደግሞ ወደ ስቡ እየዞረ ይሄዳል። ለጤነኛ ሰው ይህ ሰውነት የሚያውቀው መንገድ ነው። ኢንሱሊን ለምትወጋ ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን ለምትወስድ ሴት ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ስኳሩን ይቀንሳል፤ የሚተካው ግን የለም። ላብ ያጠምቃታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትርበተበታለች፣ ነገር ይምታታባታል። መዋጥ የምትችል ከሆነ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጣት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳይሰጥ በፍጥነት ወደ ሕክምና ትወሰድ። ሃይማኖቶቻችንም ታማሚን በጾም አያስገድዱም። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ከሐኪማችሁም ከሃይማኖት አባታችሁም ጋር ተማከሩ፤ አንዱን ከሌላው ደብቃችሁ አትጹሙ።

መንገዱ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ደማቸው በስኳር ተሞልቶ ለምን ጉልበት አጡ?

ግሉኮስ በደም ተጉዞ ደጃፍ ይደርሳል ብለን ነበር። የጡንቻና የስብ ሴሎች በር እንዲከፈት ኢንሱሊን የሚባለው፣ ከቆሽት የሚወጣው ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ቆሽት ኢንሱሊን ማምረት ያቆማል። ሁለተኛው ዓይነት ባለባቸው ደግሞ ኢንሱሊኑ አለ፤ ሴሎቹ ግን ጥሪውን እንደሚገባ አይሰሙም። በሁለቱም መንገድ ስኳሩ ደጅ ተከማችቶ ይቀራል፤ ቤት ውስጥ ግን ረኃብ ነው። የማኅበሩ ሂሳብ በባንክ ሞልቶ ፈራሚዋ ስለጠፋች ደመወዝ ያልተከፈለበትን ወር አስታውሱ፤ እንደዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ትርጉም ይሰጣል። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት ይፈስሳል፤ ውኃንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊት በተደጋጋሚ ለሽንት መነሣትና የማይረካ ጥም ይመጣል። የሚበላው ስለሚባክን ሰው እየበላ ይከሳል። ዓይን ይደበዝዛል፣ ቁስል አልድን ይላል። እናታችን እነዚህን ምልክቶች ለወራት አይተዋቸው ነበር። «እርጅና ነው ብዬ ነው» አሉን። እኛም ሌሊት ሲመላለሱ አድረው ማለዳ ያረፈዱትን ሴት ቀጣናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለይተው አወጡ፤ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ በፊት አንደኛው ዓይነት የያዘው ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ምርመራውም የጣት ጠብታ ደም ነው የሚፈልገው። አንድ ሌላ ነገርም አለ፦ ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን ጥሪ ጭምር ግሉኮስ ማስገባት ይችላል። ሐኪሞች «በእግራችሁ ሂዱ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው የመቋረጫ ቦታ ብረት ማዕድን ነው፤ እኛን ሴቶችን በእጅጉ ይመለከተናል። ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ሴል የሚያደርሰው በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ብረት ይፈልጋል። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያቀባብሉት ክፍሎችም እንዲሁ ብረት አላቸው። ወር አበባ በመጣ ቁጥር ብረት እናጣለን፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ለሁለት ያስፈልገናል። ብረት ሲያንስ ምግቡ ሴል ገብቶም ሁለተኛው ዙር ይዳከማል። ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ልባችን ይመታል፣ ራሳችን ይዞራል። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ብረት አላቸው፤ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ ሲበላ ብረቱ በተሻለ ወደ ደም ይገባል። የሊጡ መቡካትም ብረቱን አንቀው የሚይዙትን ነገሮች ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ሊጡን ቀናት የሚያቆዩት ለጣዕም ብቻ አልጠቀመም። ቡናና ሻይ ግን በምግብ ላይ ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ። ቡናውን ተዉ አንልም፤ ማን ይሰማናል? ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ ነው የምንለው። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን በክትትል ጊዜ የሚሰጣችሁን የብረት ኪኒን «ሆዴን ይረብሸኛል» ብላችሁ ከመተው በፊት ለባለሙያዋ ንገሯት።

ሌሎችም ቦታዎች አሉ። ኤ.ቲ.ፒ. የሚሞላበትን ፍጥነት የሚቆጣጠረው በአንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ እሱም አዮዲን ይፈልጋል። አዮዲን ሲያንስ ዕጢው ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። ስለዚህ ጨው ስንገዛ አዮዲን ያለበትን መርጠን፣ ከድነን እናስቀምጥ። ቢ ቫይታሚኖች ደግሞ ግሉኮስ ከመጀመሪያው ዙር ወደ ሁለተኛው እንዲሻገር ይረዳሉ። ሁሉን ለመዘርዘር ግን ጊዜ የለንም፤ ምሳም ደርሷል።

የመጀመሪያው መቋረጫ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ በቂ ምግብ አለመብላት። ለልጆቿ አካፍላ ለራሷ «በልቻለሁ» የምትል እናት በመካከላችን እንዳለች እናውቃለን። እሷን ስለ ሴል ማስተማር አይበቃም። ስለዚህ ነው የማኅበራዊ ድጋፍ ሂሳባችን በየወሩ ክፍት የሚሆነው፤ ደጋፊዎቻችንም በሪፖርታችን ላይ ያንን መስመር ስታዩ ወጪው የት እንደሚደርስ አሁን ታውቃላችሁ፤ እስከ መዘውሯ ይደርሳል።

የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ድካም የጠባይ ጉዳይ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት መንገዱ የት ላይ እንደተቋረጠ መጠየቅ ይገባናል። ስንፍና የለም አንልም። ግን ስንፍናን በመዝገብ መጻፍ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ጻፍነው፤ ሕመምን መጠየቅ ከባድ ስለሆነ ዘገየን።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን። አንደኛ፣ አንዲት አባል ለሁለተኛ ጊዜ ስታረፍድ ወይም ተራዋን ስትተው ቅጣት ከመጻፉ በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ቤቷ ሄዳ ትጠይቃት። ሁለተኛ፣ ከማኅበራዊ ድጋፍ ሂሳብ ላይ ለስኳርና ለደም ማነስ ምርመራ የሚውል መጠነኛ ገንዘብ በየዓመቱ ይመደብ፤ አቅም ያጣች አባል በእሱ ትመርመር። ሦስተኛ፣ የጋጋሪዎች ተራ ሲወጣ ነፍሰ ጡርና መድኃኒት ላይ ያለች አባል የማለዳውን ፈረቃ እንድትይዝ አትገደድ።

እናታችን ዛሬ ከኛ ጋር ናቸው። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ከቤታቸው መጋገሪያው ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። ተመልሰው ይጋግራሉ፤ ድሮ ከሚጋግሩት ትንሽ ያነሰ፣ ግን በየሳምንቱ።

በመጨረሻም ከሂሳብ ክፍሉ አንድ ማስታወቂያ። በሂሳብ ሥራ የተሳሳተ ምዝገባ በፍቆ አይጠፋም፤ በማስተካከያ ምዝገባ ይቃናል። በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት 150 ብሩ ለእናታችን ተመላሽ ሆኗል፤ ቫውቸሩም ተፈርሟል። በቃለ ጉባኤው ላይ «የሥራ ፍላጎታቸው ቀንሷል» ከሚለው ሥር ደግሞ «ታመው ነበር፤ አልጠየቅናቸውም» ብለን ጽፈናል።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ የማናውቀውን ነርሷ እህታችን ትመልስልናለች።